ጣና ላይ ጉማሬና አዕዋፍ ለማየት አስጎብኚ መቅጠር መቼ ያዋጣል?

ባሕር ዳር የሚኖር ሰው ዘመድ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ አገር በመጣለት ቁጥር የሚቀርብለት አንድ ጥያቄ አለ፤ ጉማሬውንና የሐይቁን አዕዋፍ ለማየት ለአስጎብኚ መክፈል ያስፈልጋል ወይስ ጀልባ ብቻ ተከራይቶ መሄድ ይበቃል የሚለው ነው። እንግዶቼን ወደ ሐይቁ ስወስድ በሁለቱም መንገድ ሞክሬዋለሁ። መልሴን አስቀድሜ ለመናገር፣ ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት ሥፍራና ወደ ዘጌ ደን ለሚሄድ ሰው እንስሳቱን በሚገባ የሚያውቅ አስጎብኚ የተከፈለውን ያህል ጥቅም ይሰጣል። ይህ የሚሆነው ግን ሰውየው ተመርምሮ ሲመረጥና የመሄጃው ሰዓት በእንስሳቱ ልማድ ሲወሰን ብቻ ነው። ሁለቱ ካልተሟሉ ገንዘቡን ይዞ ከሐይቁ ዳር ቡና እየጠጡ ፔሊካኖቹን መመልከት ይሻላል።

ከውጭ የሚመጡ ዘመዶች ብዙውን ጊዜ ጣናን የሚመዝኑት ቀደም ሲል ባዩት የእንስሳት መናፈሻ ስለሆነ ልዩነቱን አስቀድሞ ማስረዳት ይጠቅማል። አሜሪካ የምትኖረው እህቴ ፍሎሪዳ ውስጥ በኦርላንዶ አቅራቢያ የሚገኘውንና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 የተከፈተውን የዲዝኒ አኒማል ኪንግደምን ከልጆቿ ጋር ጎብኝታዋለች። እዚያ ኪሊማንጃሮ ሳፋሪ የሚባለው በክፍት መኪና የሚደረግ ጉዞ ሃያ ደቂቃ ያህል የሚወስድ ሲሆን ዋጋው በመግቢያው ትኬት ውስጥ ተካትቷል። ተጨማሪ የሚከፍል ሰው ደግሞ ዋይልድ አፍሪካ ትሬክ በሚባለው የሦስት ሰዓት ገደማ ጉዞ ከጥቂት ሰዎች ጋር ሆኖ፣ የደኅንነት ቀበቶ ታጥቆ፣ ከጉማሬዎቹና ከአዞዎቹ በላይ በተንጠለጠለ ድልድይ ላይ ይሻገራል። እንስሳቱ የሚኖሩት በተከለለ ሥፍራ ስለሆነ ጎብኚው ጉማሬ እንደሚያይ እርግጠኛ ነው ማለት ይቻላል፤ ተጨማሪው ክፍያ የሚገዛለትም ይበልጥ መቅረብን ነው። እህቴም ከልጆቿ ጋር ባሕር ዳር ስትመጣ የጠበቀችው ይህንኑ ነበር። ጣና ላይ ግን ጉማሬውን ያሰረው የለም፤ ይበልጥ መቅረብም አደጋ ነው። ስለዚህ እዚህ የሚከፈለው ለመቅረብ ሳይሆን፣ የት እንደሚታይ ለሚያውቅና ከሩቅ ሆኖ በትዕግሥት ለሚያሳይ ሰው ነው።

ይህን የተረዳሁት ከመጀመሪያው ጉዞአችን በኋላ ነው። በደላላ በኩል አንድ ጀልባ ተከራይተን ጠዋት 5 ሰዓት ላይ ተነሣን። ፀሐዩ በርትቶ ነበር። ባለጀልባው አስጎብኚም ነኝ ብሎን ስለነበር ሌላ ሰው አልያዝንም። ዓባይ ወደሚወጣበት ስንደርስ ከደንገሉ ዳር ሁለት ጆሮዎች ብቅ ብለው ታዩ፤ ሰውየውም ሞተሩን አጉልቶ በቀጥታ ወደዚያው ነዳ። ጆሮዎቹ ሰጠሙ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም በሌላ በኩል ሲወጡ እንደገና አሳደዳቸው። በሦስተኛው ጊዜ ከእህቴ ልጆች አንዷ ማልቀስ ጀመረችና ተመለሱልን ብለን ለመንነው። የከፈልነው ገንዘብ ብዙ አልነበረም፤ ነገር ግን ልጆቹ ከጉዞው ይዘውት የተመለሱት ፍርሃትን ብቻ ስለነበር እስከ ዛሬ ድረስ ያሳዝነኛል። ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ የከተማው ነዋሪ ነኝና።

ጉማሬን ለማየት መነሻው የእንስሳውን የቀን ውሎ ማወቅ ነው። ጉማሬ ቆዳው በፀሐይ ቶሎ ስለሚጎዳ ቀኑን በውኃ ውስጥ ያሳልፋል፤ ሲመሽ ወደ የብስ ወጥቶ ሣር ይግጣል፤ በአንድ ሌሊትም እስከ 40 ኪሎ የሚደርስ ሣር ሊበላ ይችላል። ሲነጋጋ ወደ ውኃው ይመለሳል። ከዚህ የተነሣ ጥሩው ሰዓት ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ወይም ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ ያለው ነው። ከሁለቱ ጠዋቱን እመርጣለሁ፤ ከቀትር በኋላ ሐይቁ ላይ ብዙ ጊዜ ነፋስ ይነሣል፣ ማዕበሉም ትንሽ ጀልባ ስለሚያንገላታ በተለይ ልጆችና አረጋውያን ይቸገራሉ። እኩለ ቀን ላይ አሳይሃለሁ የሚል አስጎብኚ ወይ እንስሳውን አያውቅም፣ ወይም ጀልባው ጠዋት ለሌላ ሰው ተከራይቷል።

ሁለተኛው ነገር አተነፋፈሱ ነው። ዓይኑ፣ ጆሮውና አፍንጫው በራሱ አናት ላይ ስለተደረደሩ አካሉ ሰጥሞ እነዚህ ብቻ ከውኃው በላይ ይታያሉ። ሙሉ በሙሉ ሲሰጥም አዋቂ ጉማሬ እስከ አምስት ደቂቃ ድረስ ሊቆይ ይችላል፤ ከዚያ ለመተንፈስ መውጣቱ አይቀርም። እንግዲህ ጥሩ አስጎብኚ እንስሳው የሰጠመበትን አይቶ ሞተሩን ያስጠፋል፣ ሰው ሁሉ ዝም እንዲል ያደርጋል፣ ይጠብቃል። ሲተነፍስ የሚሰማው የእንፋሎት ድምፅ በጸጥታው ውስጥ ከሩቅ ይሰማል፤ በኋላ ያደረግነውን ሁለተኛ ጉዞ የእህቴ ልጆች አሁንም የሚያስታውሱት በዚህ ድምፅ ነው። ሞተሩ እየጮኸ ግን ማንም አይሰማውም።

ሦስተኛው ርቀት ነው። አዋቂ ወንድ ጉማሬ ከ1,500 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ በውኃ ውስጥ የሚኖርበትን ክልል ይከላከላል፣ ግልገል ያላት እናት ደግሞ ይበልጥ ቁጡ ናት። አፉን በሰፊው ሲከፍት ብዙ ሰው እያዛጋ ነው ብሎ ፎቶ ለማንሣት ይቀርባል፤ ሆኖም ይህ ብዙውን ጊዜ ጥርሱን አሳይቶ ማስጠንቀቁ ነው። በእግር በዳርቻው የሚሄድ ሰውም በጉማሬና በውኃው መካከል ፈጽሞ መቆም የለበትም፤ የደነገጠ ጉማሬ የሚሸሸው ወደ ውኃው ነውና መንገዱ ላይ ያገኘውን ይረግጣል። አባቶቻችን ከቆዳው የሚሠራውን ጅራፍ ጉማሬ ብለው የጠሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የቆዳውን ጥንካሬ ያውቁታልና። በሐይቁ ዳርቻ ከኖሩት መካከል ይህን እንስሳ ከማንም በላይ በቅርብ ያወቁት በጥንት ጊዜ ያድኑት የነበሩት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ናቸው። የደንገል ታንኳ በመሥራትም የታወቁ ናቸው። ከእነርሱ መካከል ሐይቁን እየቀዘፈ ያደገ ሰው ካገኙ፣ በወረቀት ከተመሰከረለት ይልቅ ብዙ ሊያስተምርዎ ይችላል።

ታዲያ ገንዘብ ከመስጠትዎ በፊት ሰውየውን እንዴት ይመረምሩታል? እኔ የምጠይቀው ጥያቄ ጥቂት ነው። በስንት ሰዓት እንነሣ ብዬ ስጠይቀው «ጋሼ፣ እርስዎ በተመቸዎት» ካለኝ አመስግኜው አልፋለሁ፤ «በማለዳ ካልተነሣን አንሄድም» ካለኝ ግን ጆሮዬን እሰጠዋለሁ። ጉማሬው ባይታይስ ብዬ ስጠይቀው ደግሞ በእርግጠኝነት አሳያለሁ የሚለውን አልወድም፤ የዱር እንስሳ የሰው ቃል አይጠብቅም። ትክክለኛው መልስ ሊታይም ላይታይም እንደሚችል ነግሮኝ፣ ባይታይ ስለ አዕዋፉና ስለ ደንገሉ የሚያሳየኝን የሚዘረዝር ነው። በመጨረሻም ሞተሩን የት ላይ ታጠፋለህ እለዋለሁ። ይህን ጥያቄ ሰምቶ ግራ የሚጋባ ሰው ሞተሩን አጥፍቶ አያውቅም ማለት ነው። አንድ ወጣት አስጎብኚ በተነሣንበት ጠዋት ሐይቁን አይቶ «ጋሼ፣ ዛሬ ነፋሱ በርትቷል፣ ነገ እንሂድ» ሲለኝ የዕለት ገቢውን እየተወ እንደሆነ ስለማውቅ ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሲመጣ የምደውለው ለእርሱ ነው።

ስለ ዋጋ ስንነጋገር፣ ስምምነቱ በነፍስ ወከፍ ሳይሆን በጀልባ ይሁን፤ ስድስት ሆናችሁ ብትሄዱ ወጪው ለስድስት ይካፈላል። ነዳጁ፣ የአስጎብኚው ክፍያና የመቆያው ሰዓት በዋጋው ውስጥ መካተቱን በግልጽ ያስነግሩ፤ የገዳማት መግቢያ ግን ለየብቻ የሚከፈል ስለሆነ ከጀልባው ዋጋ ጋር አይቀላቅሉት። ባለጀልባውና አስጎብኚው ሁለት ሰዎች ቢሆኑ ይመረጣል፤ አንዱ በመቅዘፊያና በሞተሩ ላይ ሲያተኩር ሌላው ዓይኑን ከውኃው ላይ አያነሣም። ከክፍያው ከፊሉን ሲመለሱ ይስጡ። በደላላ በኩል ከሚመጣ ይልቅ ከጀልባ ማኅበራቱ በቀጥታ መከራየት የተሻለ ነው፤ ደላላው የሚወስደው ድርሻ ሄዶ ሄዶ ከጉብኝቱ ሰዓት ላይ የሚቀነስ ነው።

ለአዕዋፉ አስጎብኚ መያዝ፣ በእኔ እምነት፣ ከጉማሬው የበለጠ ያዋጣል። ጉማሬ ከታየ ማንም ያውቀዋል፤ ወፍ ግን ስሙንና ጠባዩን የሚነግር ሰው ከሌለ ዓይን ሳያርፍበት ያልፋል። ጣና 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተኛ፣ ጥልቀቱም ለስፋቱ አነስተኛ የሆነ ሐይቅ ነው፤ ዳርቻው በደንገልና በረግረግ ስለተሞላ ቀረሶው፣ አምባዛውና በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ይኖሩበታል፣ ወፎቹም ዓሣውን ተከትለው ይመጣሉ። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ሐይቁንና አካባቢውን የሕይወት ሉል ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ ሲመዘግበው አንዱ ምክንያት ይህ ሀብት ነው። ነጭ ራስ ያለው ዓሣ በል ንስር ከዛፍ ጫፍ ላይ ሆኖ ሲጮኽ፣ ጥቁርና ነጭ የሆነችው ትንሽ ዓሣ አጥማጅ ወፍ በአየር ላይ ቆማ ክንፏን እያርገበገበች እንደ ድንጋይ ወደ ውኃው ስትወረወር፣ የፔሊካን መንጋ ዓሣውን ወደ ጥግ እየነዳ በኅብረት ሲያድን ማየት ይቻላል። ይህን ሁሉ እኔ ባሕር ዳር ስኖር እያየሁ አላየሁትም ነበር፤ ወፏ ወደ ውኃው ከመወርወሯ በፊት ጣቱን ቀስሮ «አሁን» ያለኝ አስጎብኚ ነው ያሳየኝ።

ዘጌ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይርቃል። የቡናው ደን የቆየው ከገዳማቱ ጋር ነው፤ መነኮሳቱና ነዋሪዎቹ ዛፍ ሳይቆርጡ ከጥላው ሥር ቡና በማብቀላቸው ደኑ ለጦጣውና ለአዕዋፉ መጠለያ ሆኗል። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ግንባሩ ቢጫ የሆነ በቀቀን እዚህ ይታያል፤ በመንቁሩ ላይ ሌላ ቀንድ የተጫነበት የሚመስለው ሆርንቢል ደግሞ ክንፉ እየፎጨ ከዛፍ ዛፍ ሲበር ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የሚወስደውን መንገድ ብዙ ጎብኚ ሥዕሎቹን ለማየት ተቻኩሎ ያልፈዋል፤ የእንስሳት ጉብኝት የፈለገ ግን መንገዱን በእጥፍ ጊዜ እንዲሄደው እመክራለሁ። ከአውሮፓና ከእስያ የሚሰደዱት አዕዋፍ የሚመጡት ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ስለሆነ ለወፍ የሚመጣ እንግዳ ጉዞውን በዚያ ወቅት ቢያደርግ ይሻለዋል።

አስጎብኚ የማያስፈልግባቸው ሥፍራዎችም አሉ። ወደ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ፣ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የሚሄደው ሰው ሊያይ የሚፈልገው ውኃውን ነው፤ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ውኃው በሚሞላበት ጊዜ ሄዶ የመግቢያውን ከፍሎ መንገዱን መከተል ይበቃዋል። በአዊ እንጅባራ አጠገብ ያለው የዘንገና ሐይቅም እንደዚሁ ነው፤ ጦጣዎቹ ራሳቸው ወደ ሰው ይመጣሉ፣ ምግብ ግን አይስጧቸው፤ የለመዱት ከሕፃናት እጅ መንጠቅ ይጀምራሉ። ወደ የትኛውም ሥፍራ ሲነሡ የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ሳምንት ከአካባቢው ሰው ይጠይቁ።

ለጣናው ጉዞ የሚይዙት ብዙ አይደለም። ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለሕፃናቱም በልካቸው፣ የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩን ጀልባው ላይ ከመውጣትዎ በፊት በዓይንዎ ይዩ፤ አለ መባሉ አይበቃም። ማለዳው ስለሚቀዘቅዝ ጋቢ ይያዙ፤ ሲረፍድ ደግሞ ባርኔጣ ያስፈልጋል። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ከጎረቤትም ቢሆን ይዋሱ፤ ከመቶ ሜትር ርቀት የጉማሬውን የጆሮ ፀጉር የሚያሳየው እርሱ ነው፤ መነጽር ያለው ሰው ቅረብልኝ ብሎ ባለጀልባውን አያስጨንቅም። ልጆች ካሉ ከመነሣትዎ በፊት አምስት ደቂቃ ዝም ማለትን ቤት ውስጥ ያለማምዷቸው፤ የእህቴን ልጆች ለሁለተኛው ጉዞ እንደዚያ አድርጌ ነበር ያዘጋጀኋቸው፤ በመጀመሪያው ቀን ያለቀሰችው ልጅ ያን ጠዋት ሞተሩ ሲጠፋ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ እኛን ትላልቆቹን ዝም አሰኘችን።