የእጣን ዛፉ አለ፣ ታዳጊው የት ሄደ? የመተማና የቋራ ጫካ ችግርና መፍትሄ

ምልክት፦ ትልልቅ ዛፍ ሞልቷል፣ ትንሽ የለም

ጫካ ስትገቡ ቀና ብላችሁ ብቻ አትዩ፣ ጎንበስም በሉ። ጭን የሚያክል ግንድ በየቦታው ቆሞ አውራ ጣት የሚያክል ከጠፋ ጫካው ተተኪ የለውም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ኔቸር ሰስቴነብሊቲ በተባለ የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን ካያቸው የእጣን ደኖች ከ75 በመቶ በላይ በሚሆኑት ትንንሽ ዛፍ አላገኘም። ያሳዝናል።

ምክንያቱ ልቅ ግጦሽና እሳት ነው። ክረምት የበቀለውን ከብት ይግጠዋል፣ ይረግጠዋል፣ የተረፈውን የበጋ ቃጠሎ ይጨርሰዋል። እጣን ለማውጣት ቅርፊቱ እየቆሰለ ያለ እረፍት የሚደማ ዛፍ ደግሞ ዘሩም ያንሳል።

መፍትሄው መከለል ነው። ሁሉንም አይደለም፣ ከብት ያለው ሰው የት ይሂድ? ዘር የሚሰጡ ዛፎች ያሉበትን ቦታ ከመንደሩ ጋር ተስማምታችሁ ከልሉ፣ ሳሩን ግን ባለከብቶቹ በማጭድ፣ ችግኝ እንዳይቆረጥ እያዩ፣ አጭደው ይውሰዱ። በጋው ሳይጠና ዙሪያውን ሳር መንጥራችሁ የእሳት መከላከያ አውጡ። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የእጣን ችግኝ በበጋ ከላይ ይደርቃል። ሞተ እንዳትሉ! ሥሩ ከመሬት በታች እየወፈረ ይቆይና ዝናብ ሲመጣ እንደገና ያቆጠቁጣል፣ ይሄም ለዓመታት ይደጋገማል። ስለዚህ በሁለት ዓመት "ምንም ለውጥ የለም" ብላችሁ የከለላችሁትን ቦታ አትክፈቱት።

ምልክት፦ ግንዱ ተበሳስቷል፣ ነፋስ ይጥለዋል

ጢንዚዛ ገብቶበታል፣ ትሉ እንጨቱን ከውስጥ ይበላል። በማድማት ብዛት የተዳከመ ዛፍ ይብሳል። አሳርፉት፣ ቀጫጭኑን ጨርሶ አትንኩ። ቁስል ማብዛት ከልኩ ካለፈ እጣኑን አይጨምርም፣ ዛፉን ነው የሚጎዳው።

ምልክት፦ የተመነጠረው ማሳ ምርቱ ወረደ፣ ማሽላውን አቀንጭራ (ሥሩ ላይ ተጣብቆ ምግቡን የሚመጥ አረም) ያዘው

ጫካ ተመንጥሮ ሰሊጥና ማሽላ ሲዘራበት አፈሩን የሚያለብሰው ቅጠል ይቀራል፣ ገለባውም ይቃጠላል፣ ለምነቱ እየተሟጠጠ ይሄዳል። አቀንጭራ የደከመ አፈር ይወዳል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሌላ ጫካ ይመነጥራል፣ ይሄ ችግሩን ወደ ጎረቤት መሬት መውሰድ ነው እንጂ መፍትሄ አይደለም። ገለባውን ማሳው ላይ ተዉት፣ ዛፎችን በየመሃሉ አስቀሩ፣ ማሽላ በማሽላ ላይ አትዝሩ። ሰሊጥ የአቀንጭራን ዘር አብቅሎ ያለ ምግብ ስለሚያስቀረው ማፈራረቁ ይረዳል። ብቅ ያለውንም ሳያብብ ንቀሉት፣ ዘሩን አንዴ ከረጨ አፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል።