ከከተማ ዳር ስትኖሩ የቤት ኢንተርኔት እንዴት ይመረጣል? ከመክፈላችሁ በፊት የሚደረግ ፍተሻ

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ለገጣፎ። ዳር ዳሩን የምንኖር ሰዎች ስንገናኝ ከማይቀሩት ጥያቄዎች አንዱ «ኢንተርኔት የማን ይሻላል?» የሚለው ነው። መልሱ ሁሌም ይጋጫል። አንዱ የሚያመሰግነውን መንገድ ተሻግሮ ያለው ጎረቤቱ ያማርረዋል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

እዚህ አካባቢ ነገሩን የሚወስነው የኩባንያው ስም አይደለም። በራችሁ ድረስ የደረሰው መስመር ነው። ፋይበሩ (መረጃን በብርሃን የሚያስተላልፈው ቀጭን ገመድ) ብሎካችሁ ጋ ደርሷል ወይስ አስፋልቱ ላይ ቀርቷል? የትኛው ታወር ይቀርባችኋል? ማታ ማታ በዚያ ታወር ላይ ስንት ቤት አብሯችሁ ይጠቀማል? ስለዚህ ጥያቄያችን «እኔ ቤት ውስጥ፣ ማታ፣ የማን ይሠራል?» መሆን አለበት። ይህን የወር ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ማወቅ ይቻላል።

1. መጀመሪያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለዩ

ኢንተርኔት ሲንቀረፈፍ ሁላችንም አቅራቢውን እንወቅሳለን። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ቤት ውስጥ ያለው ዋይፋይ ነው። ላፕቶፕ ካላችሁ ከራውተሩ ጋር በኬብል አገናኙትና ፍጥነቱን ለኩ። ከሌላችሁ ስልካችሁን ይዛችሁ ራውተሩ አጠገብ ቁሙ። እዚያ ጥሩ ከሆነና መኝታ ቤት ከጠፋ፣ ኩባንያ መቀየር አያድናችሁም። የኮንዶሚኒየም ኮንክሪት ሲግናል ይበላል። ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥታችሁ የቤቱ መሐል፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አስቀምጡት።

ብሎክ ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ የጎረቤት ዋይፋይ ሁሉ ተደራርቦ ይረብሻል። ራውተራችሁ የ5 ጊጋኸርትዝ ዋይፋይ ካለው ለቅርብ ክፍሎች እሱን ተጠቀሙ። በ2.4 ጊጋኸርትዝ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ቻናሉን ከ1፣ ከ6 ወይም ከ11 አንዱ ላይ አድርጉት።

በኬብልም ለክታችሁ ደካማ ከሆነ ችግሩ መስመሩ ነው። ወደሚቀጥለው እለፉ።

2. መዝግቡ

ጠዋት፣ ከሰዓት በኋላ፣ እና ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ለኩ። ስፒድቴስት ወይም ፋስት ዶት ኮም ይበቃል። የማውረጃውን፣ የመጫኛውን ፍጥነትና ፒንጉን (መልእክት ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ፣ በሚሊሰከንድ) በስክሪንሹት አስቀሩ። ለሳምንት ያህል ብታደርጉት መልኩ ይወጣል።

ቀን ደህና ሆኖ ማታ ብቻ የሚወድቅ ከሆነ መስመሩ ተጨናንቋል፤ ቴክኒሽያን ቢመጣም አይፈታውም። ዝናብ ሲዘንብ የሚቆራረጥ ከሆነና አገልግሎታችሁ በስልክ ሽቦ የሚመጣው ኤዲኤስኤል ከሆነ፣ መገጣጠሚያው ላይ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ይህ ይጠገናል። ሁልጊዜ እኩል ቀርፋፋ ከሆነ ደግሞ ርቀት ሊሆን ይችላል። ኤዲኤስኤል በመዳብ ሽቦ ስለሚሄድ ከቴሌኮም ማዕከሉ በራቃችሁ ቁጥር ይደክማል፤ 5 ኪሎ ሜትር ካለፈ ብዙ አትጠብቁ። እዚህ ዳር ላይ ይህ ርቀት ቀላል ጉዳይ አይደለም።

በነገራችን ላይ ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ሜጋቢት ነው፤ ፋይል ስታወርዱ የምታዩት ሜጋባይት ነው። ለ8 አካፍሉት። 10 ሜጋቢት ማለት በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት ነው። ይህን ባለማወቅ ሙሉ ፍጥነት እያገኘ የሚጣላ ሰው አለ።

3. ከመቀየራችሁ በፊት በማስረጃ አመልክቱ

ለኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ለሳፋሪኮም 700 ነው። ደውላችሁ «ኢንተርኔት አይሠራም» ብቻ ካላችሁ «ራውተሩን አጥፍታችሁ አብሩት» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። ሰዓቱንና የለካችሁትን ፍጥነት ጥሩላቸው። የአቤቱታ ቁጥር ሳትቀበሉ ስልኩን አትዝጉ።

እኔ ከቀድሞው አቅራቢዬ ጋር ብዙ ተመላልሻለሁ። በየቀኑ ሌላ ሰው ያነሳል፣ ከዜሮ እንጀምራለን። የሰዓት ዝርዝርና ስክሪንሹት ይዤ ቢሯቸው ስሄድ ነው ቴክኒሽያን የተላከው። ከግንቡ አጥር ላይ ያለችውን ትንሽ ሳጥን ከፈተና ሽቦዎቹን አሳየኝ። የመዳቡ ጫፍ አረንጓዴ ሆኗል፤ ክዳኑ ተሰንጥቆ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ጠጥቷል። ቆርጦ፣ ልጦ፣ እንደ አዲስ ለማሰር ከሩብ ሰዓት በላይ አልፈጀበትም። ይህቺ ሥራ ያን ያህል ጊዜ መውሰድ አልነበረባትም፤ ዛሬም ያናድደኛል። ልጆች ማታ ትምህርታቸውን የሚከታተሉት፣ ስንቱ ሰው እንጀራውን የሚሠራው በዚህ መስመር ነው።

ኩባንያው ጭራሽ ካልሰማችሁ ተቆጣጣሪ አለ። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመ ነው። የአቤቱታ ቁጥራችሁ የሚጠቅማችሁ እዚህም ላይ ነው።

4. ሰፈራችሁ የደረሰውን እወቁ

ፋይበር ካለ ሌላውን አታስቡ። ይህ የኔ ጽኑ አቋም ነው። ዝናብ አይነካውም፤ በቤትና በማዕከሉ መካከል ያለው ማከፋፈያም መብራት አይፈልግም።

የኮንዶሚኒየም ኮሪደሩን፣ የደረጃውን ግድግዳ፣ ከውጭ ያለውን ምሰሶ እዩ። የፋይበር ሳጥን ካለ «ፋይበር ደርሷል?» ብላችሁ ሳይሆን «በዚህ ሳጥን ክፍት ፖርት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሳጥን ኖሮ ፖርቱ (መሰኪያው) ሞልቶ የሚጠብቁ ብዙ ናቸው። የብሎክ ኮሚቴውንና ጥበቃውን አነጋግሩ፤ ማን ሊዘረጋ መጥቶ እንደነበር እነሱ ያውቃሉ። ከትልልቆቹ ሌላ ፈቃድ ያላቸው አነስ ያሉ አቅራቢዎችም አሉ። ጎረቤት ተሰብስቦ በጋራ ሲጠይቅ ቶሎ ይሰማል።

5. ፋይበር ከሌለ፦ ገመድ አልባውን በትክክል ሞክሩ

አብዛኞቻችን ያለነው እዚህ ነው፤ ሰው ገንዘቡን የሚበላውም እዚህ ላይ ነው። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ቢያንስ ማወዳደር ተችሏል። በማወዳደር ደግሞ አትስነፉ።

ገና ራውተር አትግዙ። የሁለቱንም ኩባንያዎች ሲም አግኙ፤ ከሌላችሁ ከዘመድ ተዋሱ። በ*999# (ኢትዮ ቴሌኮም) ወይም በ*777# (ሳፋሪኮም) አነስተኛ የዳታ ጥቅል ግዙ። ስልካችሁን 4ጂ ላይ ብቻ አድርጉትና ቤታችሁን ክፍል በክፍል፣ መስኮት በመስኮት ዙሩ።

ስልኩ ላይ የሚታዩትን ዘንጎች አትመኑ፤ ቁጥሩን እዩ። አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ፣ አባውት ፎን፣ ከዚያ ሲም ስታተስ ውስጥ ገብታችሁ የሲግናል ጥንካሬ የሚለውን ፈልጉ። አይፎን ላይ *3001#12345#* ብላችሁ ደውሉ። የምታዩት ቁጥር ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል። ለ4ጂ ከ -90 ዲቢኤም (የሲግናል ኃይል መለኪያ ነው) የተሻለ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። -100 አካባቢ ይሠራል። ከ -110 ካለፈ ለቤት አገልግሎት አትመኩበት። በየ10 ዲቢኤም ልዩነት የሚደርሳችሁ ኃይል በ10 እጥፍ ይቀየራል። ስለዚህ አንድ ክፍል ውስጥ -105፣ ማዶ መስኮት ጋ -88 ካገኛችሁ ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ቦታው ብዙ ያስገርማል። እኔ ቤት ሳሎን ውስጥ ተስፋ ያልነበረው ሲም ኩሽና መስኮት ላይ ሲቀመጥ ሌላ ሆነ፤ ታወሩ በዚያ በኩል ነበር። የቆርቆሮ ጣሪያ ሲግናል ይመልሳል። አዳዲስ ቪላዎች ላይ የሚገጠመው መስታወት መሰል ጥቁር መስኮትም እንዲሁ። እንዲህ ዓይነት ቤት ካላችሁ መስኮቱን ከፍታችሁም ዘግታችሁም ለኩ።

ሲግናሉ ጥሩ ሆኖ ኢንተርኔቱ ግን ላይሄድ ይችላል። ልክ እንደ ሰፈራችን ውሃ ነው፤ ሁሉም ሲከፍት ላይኛው ፎቅ ይደርቃል። ታወሩ ቅርብ ነው፣ ግን መንደሩ በሙሉ ተንጠልጥሎበታል። ለዚህ መፍትሔው አንድ ነው፤ ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓት መለካት፣ ያውም ከአንድ ቀን በላይ። አንዱን የሥራ ቀን፣ አንዱን ቅዳሜ ወይም እሑድ አድርጉት። እሑድ ጠዋት ለክቶ የገዛ ሰው ሰኞ ማታ ያለቅሳል።

ከቻላችሁ መብራት የጠፋ ቀንም ሞክሩ። አንዳንዱ ታወር በባትሪና በጄኔሬተር ይቆያል፤ አንዳንዱ ትንሽ ቆይቶ አብሮ ይጠፋል። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ይህ ከፍጥነቱ በላይ ሊወስን ይችላል።

ስትለኩ ፒንጉንም አትዝለሉ። የማውረጃ ፍጥነቱ 20 ሆኖ ፒንጉ አንዴ 40፣ አንዴ 400 የሚል ከሆነ ውጭ ካለ ቤተሰብ ጋር በቪዲዮ ስታወሩ ቃል በቃል ላይ ይደራረባል። እኔ 8 ሜጋቢት ሆኖ ፒንጉ የረጋውን እመርጣለሁ።

አሁን ራውተር ግዙ። ጎረቤቴ መርካቶ ርካሽ ብሎ የገዛው ራውተር ለአንድ ኩባንያ ሲም ብቻ የተቆለፈ ሆኖ ተገኘ፤ ሌላ ሲም ሲገባበት ኮድ ይጠይቃል። ሱቁ ውስጥ ሳላችሁ የራሳችሁን ሲም አስገብታችሁ አስሞክሩ። የውጭ አንቴና መግጠሚያ ቀዳዳ ያለውን ብታገኙ ደግሞ ወደፊት ይጠቅማችኋል። አንቴናው ራሱ ከ -105 ለማይሻል ቤት ጥሩ ነው። ኬብሉ ግን አጭር ይሁን፤ ረጅምና ቀጭን ኬብል አንቴናው ያመጣውን መልሶ ይበላዋል። ዋይፋይ አጉላይ የሚባለውን ትንሽ ሶኬት ለዚህ ብላችሁ አትግዙ። እሱ የዋይፋዩን ክልል ነው የሚያሰፋው፤ ከታወር የሚመጣውን አያሻሽልም።

6. ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ

«ያልተገደበ» ሲሏችሁ ከስንት ጊጋባይት በኋላ ፍጥነቱ እንደሚቀንስና ወደ ስንት እንደሚወርድ አስነግሯቸው። የመጫኛ ፍጥነቱስ? ራውተሩ የማን ነው? ቤት ብትቀይሩ መስመሩ ይዛወራል? ተከራይ ከሆናችሁ ይቺ የመጨረሻዋ ትልቅ ናት።

ለመጠን መነሻ እንዲሆናችሁ፦ አንድ ጥራት ያለው ቪዲዮ 5 ሜጋቢት ገደማ ይፈልጋል፤ የቪዲዮ ስብሰባ በሁለቱም አቅጣጫ ከ3 እስከ 4። ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ የሚጠቀምበት ቤት 15 ሜጋቢት የረጋ ካገኘ ይበቃዋል። 100 የሚል ማስታወቂያ አያሳስታችሁ።

7. ሲገጠምና ከተገጠመ በኋላ

ፋይበር ከሆነ ቴክኒሽያኑ ከመሄዱ በፊት በመለኪያው ላይ ያለውን የብርሃኑን ኃይል ቁጥር አሳየኝ በሉት። ከ -15 እስከ -25 ዲቢኤም መካከል ጥሩ ነው። -27 ከደረሰ አሁን ቢሠራም ነገ ይቆራረጣል፤ እንዲያስተካክል ጠይቁት። ገመዱን በበር ማዕዘን ላይ አጥፎ እንዳይቸነክረው ቁሙበት፤ ውስጡ ብርሃን የሚያልፍበት ቀጭን መስታወት ነው። በኋላ ራውተሩ ላይ ኤል ኦ ኤስ (LOS) የሚለው መብራት ቀይ ሆኖ ካያችሁ ብርሃኑ አልደረሰም፤ ራውተር ማጥፋትና ማብራት ጊዜ ማባከን ነው፤ በቀጥታ ደውሉ።

ለመብራት መጥፋት ትንሽ ዩፒኤስ (ለራውተሩ መጠባበቂያ ባትሪ) ግዙ። የራውተሩን ቻርጀር ገልብጣችሁ ቮልቱን አንብቡ፤ የዩፒኤሱም ከሱ ጋር እኩል ይሁን። ብዙዎቹ 12 ናቸው፣ 9 እና 5 የሆኑም አሉ። ሳያዩ መሰካት ራውተሩን ሊያቃጥል ይችላል።

አሮጌውን መስመር ቶሎ አትቁረጡ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ሁለቱን ለአንድ ወር ያህል አብራችሁ ያዙ፤ ወጪው ከኢንተርኔት አልባ ሳምንት ይሻላል። አዲሱ የማታውን ፈተና ካለፈ አሮጌውን በአካል ሄዳችሁ አዘጉ። ራውተሩ የነሱ ከሆነ መልሱ፣ መዘጋቱን የሚገልጽ ወረቀትም ተቀበሉ። ክፍያ በማቆም ብቻ መስመር አይዘጋም፤ ሂሳቡ በስማችሁ ሊጠራቀም ይችላል።