ልጅ ለአእምሮ ሕክምና ሲተኛ ደብተር ያዙ

ልጄ በ16 ዓመቱ እዚሁ ሐረር ለአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሲተኛ፣ ከብርድ ልብሱና ከፔርሙሱ ይልቅ የጠቀመኝ አንድ ደብተር ነው። ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ ምን እንደበላ፣ የትኛው መድኃኒት መቼ እንደተሰጠው እጽፍ ነበር። ሐኪሙ ጠዋት «እንዴት አደረ?» ሲል፣ እንቅልፍ ያጣች እናት «ደኅና ነው» ከማለት በቀር ምን ታስታውሳለች?

በሦስተኛው ቀን ማታ አንገቱ ወደ ጎን ተጣመመ፤ ዓይኑም ወደ ላይ ተሰቀለ። እኔማ በሽታው የባሰበት መስሎኝ ልጮህ ነበር። ሃሎፔሪዶል የሚባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የወሰደበትን ሰዓት ለነርሷ ሳሳያት ነገሩ ወዲያው ገባት፤ የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ነበር። መርፌ ተወጋና ብዙም ሳይቆይ ለቀቀው። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ መድኃኒቱንም በራሳችሁ አታቋርጡ።

በጠያቂ ላይ ጨከን በሉ። በእኛ ከተማ ጫት ይዞ የሚመጣ ዘመድ አይጠፋም፤ ጫት ደግሞ እንቅልፍ ይነሣል፣ ሕመሙንም ሊያባብስ ይችላል። «ማን አስነካው?» እያሉ የሚያንሾካሹኩትን እኔ ከበር መልሻቸዋለሁ፤ አኩርፈውኛል፣ ያኩርፉ። ከልጄ ጋር የማወራው ስለ እግር ኳስ ነበር።

ስትወጡ የቀጠሮውንና መድኃኒቱ የሚያልቅበትን ቀን ጎን ለጎን ጻፉ። መድኃኒቱ ቀድሞ የሚያልቅ ከሆነ እዚያው ተናገሩ።