የስላሎም ሰሌዳን ለጣና ሐይቅ የመምረጥና የማስተካከል መመሪያ

ስላሎም ተወዳዳሪዎች በነፋስ ሸራ እየተገፉ፣ በውሃ ላይ በተንሳፈፉ ምልክቶች ዙሪያ እየታጠፉ፣ ቀድመው ለመድረስ የሚሽቀዳደሙበት የዊንድሰርፊንግ ዓይነት ነው። ሰሌዳው የተቀረጸው በአብዛኛው ለባሕር ነው፤ አምራቾች ከሰሌዳው ጋር የሚያወጡት የሸራና የክብደት ሠንጠረዥም የባሕር ጠለልን አየር መነሻ ያደረገ ነው። ጣና ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተኛ፣ ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ያህል የሆነ፣ ውሃው ጨው የሌለበት፣ ዳርቻው በደንገልና በእምቦጭ የተያዘ ሐይቅ ነው። በመሆኑም በባሕር ዳር ከተማ ሰሌዳ የሚገዛ ወይም ያገለገለ ሰሌዳ የሚያድስ ሰው፣ የዘመኑ የንድፍ ማሻሻያዎች ለምን እንደመጡ ተረድቶ የትኛው ለዚህ ውሃ እንደሚበጅ መለየት ይኖርበታል።

ከሁሉ አስቀድሞ አየሩን ማስላት ያስፈልጋል። በጣና ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 80 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ሙቀቱ እኩል በሆነበት ቀን የአየሩ እፍጋትም በዚያው ልክ፣ ማለትም በአንድ አምስተኛ፣ ይቀንሳል። ሸራን የሚገፋው ኃይል ከአየሩ እፍጋት፣ ከሸራው ስፋትና ከነፋሱ ፍጥነት ካሬ ጋር የሚያድግ በመሆኑ፣ ጣና ላይ በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ጉልበቱ በባሕር ጠለል በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ከሚነፍሰው አይበልጥም። በባሕር ላይ 7 ካሬ ሜትር ሸራ የሚበቃው ሰው፣ በስሌቱ ብቻ ከተሄደ፣ እዚህ 8.7 ካሬ ሜትር ያስፈልገዋል። ይሁን እንጂ ሸራ ባደገ ቁጥር ምሰሶውና መያዣው ቡም አብረው ስለሚረዝሙና ስለሚከብዱ፣ በየመታጠፊያው የሚባክነው ጉልበት ከትርፉ እየበለጠ ይሄዳል። በእኔ ግምት ከ8 እስከ 8.5 ካሬ ሜትር ላይ ቆሞ የቀረውን ጉድለት ከሰሌዳው ንድፍ መፈለግ ይሻላል። ጨው አልባው ውሃ የሚያመጣው ልዩነት ግን ትንሽ ነው፤ 100 ሊትር ይዘት ያለው ሰሌዳ ከባሕር ውሃ ይልቅ እዚህ 2.5 ኪሎ ግራም ያህል ያነሰ ይሸከማል፤ ከዚህ የዘለለ የለም።

ባለፉት ዓሥርት ዓመታት በስላሎም ሰሌዳ ላይ የታየው ትልቁ ለውጥ የወርድ ለውጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ የነበረው ሰሌዳ ርዝመቱ ወደ 2.80 ሜትር ሲጠጋ ወርዱ ከ60 ሴንቲሜትር እምብዛም አያልፍም ነበር፤ የዛሬው ደግሞ ርዝመቱ ከ2.20 እስከ 2.40 ሜትር ሆኖ ትልቁ ወርድ 85 ሴንቲሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ታንኳ ውሃውን እየሰነጠቀች ትጓዛለች፤ የስላሎም ሰሌዳ ግን በቂ ፍጥነት ሲያገኝ ከውሃው ላይ ወጥቶ በኋላ ክፍሉ ብቻ ይንሸራተታል። በዚህ ጊዜ ውሃውን የሚነካው ገጽ አጭርና ሰፊ ከሆነ፣ ረጅምና ጠባብ ከሆነው ይልቅ በአነስተኛ ጉልበት ክብደቱን ይሸከማል። ከዚህም በላይ፣ ጅራቱ ሰፊ ሲሆን የእግር ማሰሪያዎቹ ወደ ጠርዙ ስለሚጠጉ፣ ነጂው ከሰሌዳው ሥር የተተከለው ፊን የሚፈጥረውን ሰሌዳውን የሚያጋድል ኃይል በእግሩ ተጭኖ መቋቋም ይችላል። ሳሳ ያለ አየር ባለበት ቦታ ዋናው ችግር ከውሃው ላይ መውጣት ስለሆነ፣ ለጣና ሰሌዳ የሚመርጥ ሰው ከሊትር ይልቅ ወርድን እንዲከተል እመክራለሁ። ክብደቱ 75 ኪሎ ግራም ለሚሆን ሰው ወርዱ ወደ 80 ሴንቲሜትር የሚጠጋ፣ ይዘቱ ከ115 እስከ 125 ሊትር የሆነ ሰሌዳ ከተጠቀሰው የሸራ መጠን ጋር ይስማማል።

ሁለተኛው ማሻሻያ ከጅራቱ ሥር በግራና በቀኝ የተቆረጠው እርከን ነው። የላይኛው ገጽ ሰፊ ሆኖ እግርን ሲያስተናግድ፣ የሥረኛው ገጽ ግን ጠበብና አጠር ስለሚል፣ ሰሌዳው በከፍተኛ ፍጥነት ሲንሸራተት ውሃውን የሚነካው ስፋት ይቀንሳል፤ ሰበቃውም አብሮ ይቀንሳል። ሦስተኛው ውፍረትን ማሳነስና የምሰሶውን መትከያ አካባቢ ወደ ውስጥ ማጎድጎድ ነው፤ ምሰሶው ዝቅ ብሎ ሲተከል የሸራው ኃይል ወደ ውሃው ስለሚቀርብ ሰሌዳው በማዕበል ላይ አይዘልም። ጣና ጥልቀት የሌለው በመሆኑ የከሰዓት በኋላው ነፋስ አጭርና ቀጥ ያለ ማዕበል ያስነሣል፤ ጠዋት ወደ ገዳማቱ ተጓዦችን የሚያመላልሱ የጀልባ ነጂዎች ከሰዓት በኋላውን ለምን እንደማይወዱት ይታወቃል። ስለዚህ ይህ ዝቅታ ለዚህ ሐይቅ የሚጠቅም ነው። እርከኑ ግን በከፊል ብቻ ነው የሚጠቅመው፤ ወደ እርሱ ኋላ ላይ እመለሳለሁ።

ያገለገለ ሰሌዳ ሲገኝ የመጀመሪያው ሥራ የሥሩን ገጽ መመርመር ነው። ሰሌዳውን ገልብጦ ለስላሳ ነገር ላይ ማስተኛት፣ ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ሪጋ ከጅራቱ ጀምሮ በመሐል መስመሩ ላይ ማሳረፍና ከሪጋው ሥር ብርሃን የሚያልፍበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት ማድረግ ይገባል። ከጅራቱ ወደ ፊት ቢያንስ 60 ሴንቲሜትር ያህል ገጹ ቀጥ ያለ መሆን አለበት፤ በዚህ ክልል ውስጥ ጉድጓድ ወይም እብጠት ከታየ ሰሌዳው ወይ ተጠግኗል፣ ወይ ቆዳው ከውስጡ አረፋ ተላቋል። ቀጥሎ የጅራቱን ጠርዝ በጥፍር መፈተሽ ያስፈልጋል። ውሃው ከሰሌዳው በንጽሕና የሚለቀው ጠርዙ ስል ሲሆን ነው፤ በመጓጓዝና በድንጋይ ብዛት የዶለዶመ ጠርዝ ውሃውን ወደ ላይ እየሳበ ፍጥነት ይበላል። የዶለዶመውን ጠርዝ በፕላስተር ከልሎ ወፈር ያለ ኢፖክሲ (ከማጠንከሪያ ጋር ተደባልቆ የሚደርቅ ማጣበቂያ) መሙላት፣ ከደረቀ በኋላም ጠንካራ ጣውላ ላይ በተጠቀለለ የብርጭቆ ወረቀት ሹል ማዕዘን እስኪያወጣ መሞረድ፣ በመጨረሻም በ400 ቁጥር ወረቀት ውሃ እያፈሰሱ ማለስለስ ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ለመኪና አካልና ለውሃ ታንከር ጥገና በየሱቁ የሚሸጠው የፋይበርግላስ ማጣበቂያ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስተር ነው፤ በውስጡ ያለው ስታይሪን የሰሌዳውን ነጭ አረፋ ያቀልጠዋል። ትንሽ ስንጥቅ ለመድፈን የፈሰሰ ፖሊስተር ከውስጥ ትልቅ ባዶ ቦታ ሊፈጥር ይችላልና፣ ኢፖክሲ ካልተገኘ ጥገናውን ማዘግየት ይመረጣል። በአሮጌ ሰሌዳ ላይ በመጋዝ አዲስ እርከን ለመቁረጥ የሚያስቡም ሊተዉት ይገባል፤ ኃይሉን የሚሸከመው ስስ ቆዳው ስለሆነ የተቆረጠው ቦታ በትክክል ካልተሸፈነ ሰሌዳው ይሰበራል፣ ውሃም ይጠጣል።

ከዚህ ይልቅ ለጣና የሚሆነው ተቃራኒው ሥራ ነው። እርከኑ የተፈለሰፈው ጉልበት ለተረፈው ሰሌዳ፣ በከፍተኛ ፍጥነት ሰበቃን ለመቀነስ ነው፤ ሸራው አንድ አምስተኛ ጉልበቱን ባጣበት ሐይቅ ግን አስቀድሞ የሚያስፈልገው የመነሻ ስፋት ነው። ስለዚህ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ጠንካራ ፕላስቲክ የእርከኑን ቅርጽ የተከተለ ሳህን ቆርጦ፣ ከሥሩ ገጽ ጋር ፍጹም እኩል እንዲሆን አድርጎ መግጠም ሰሌዳው ቶሎ እንዲነሣ ያደርጋል። አንዳንድ አምራቾችም ለዚሁ ተግባር በብሎን የሚታሰር ሳህን ሠርተዋል፤ በሰሌዳው ላይ የተዘጋጀ የብሎን ቀዳዳ ከሌለ ግን አዲስ መብሳት አይገባም፣ ለሙከራ ውሃ የማይለቀው ማጣበቂያ ፕላስተር ይበቃል። በመጀመሪያ ወደ መሐል የሚጠጋውን የእርከኑን ግማሽ ብቻ መዝጋትና መሞከር፣ ሰሌዳው በጠንካራ ነፋስ አፍንጫውን ወደ ታች የሚደፋ ከሆነም ማንሣት ነው። ሳህኑ በመገጣጠሚያው ላይ ከገጹ ዝቅ ወይም ከፍ ካለ ከነጭራሹ አለመግጠም ይሻላል።

ፊኑ ላይ ሲደረስ የጣና ጉዳይ ከባሕሩ ጋር በግልጽ ይጋጫል። 80 ሴንቲሜትር ወርድ ያለውና ከ8 ካሬ ሜትር በላይ ሸራ የሚሸከም ሰሌዳ በተለምዶ 45 ሴንቲሜትር አካባቢ የሆነ ቀጥ ያለ ፊን ይፈልጋል። እምቦጭ በሐይቁ ላይ መታየቱ ከተነገረበት እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ይበልጥ የተጎዳው የሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ቢሆንም፣ የተበጣጠሰው አረም በነፋስ እየተነዳ ሩቅ ይጓዛል፤ የዓሣ አስጋሪዎች መረብም አለ። ቀጥ ያለ ፊን ሁለቱንም ይሰበስባል። አንድ የአረም ዘለላ ከፊኑ ላይ ሲጠመጠም ፊኑ ውሃውን ይለቅና ጅራቱ ወደ ጎን ይወረወራል፤ መረብ ከሆነ ደግሞ የሰው እንጀራ ነው የሚበጠሰው። ስለዚህ ወደ ኋላ እስከ 45 ዲግሪ ያዘነበለ፣ ከ34 እስከ 36 ሴንቲሜትር የሚሆንና ሥሩ ሰፋ ያለ የአረም ፊን መትከል ተገቢ ነው። ከመውጣት በፊት አስጋሪዎችን መረባቸው የት እንደተዘረጋ መጠየቅ ግን በምንም ዓይነት ፊን አይተካም።

የአረም ፊን ጅራቱን በቀጥተኛው ፊን ልክ አያነሣም፤ ውሃውን የሚይዝበት ማዕከልም ወደ ኋላ ይሸሻል። በመሆኑም የምሰሶውን መትከያ ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ መሳብና በመነሻው ላይ የኋላ እግርን ሳይረግጡ ሸራው ቀስ በቀስ ኃይል እስኪይዝ መጠበቅ ያስፈልጋል። የፊኑ ሥር በሰሌዳው ውስጥ በተሠራለት መሰኪያ ሳጥን ሲገባ በፊትና በኋላ ዳሩ ተጠብቆ መቀመጥ አለበት፤ ከተወዛወዘ ቀጭን ፕላስተር መለጠፍ፣ ካልገባ ደግሞ ሳጥኑን ሳይሆን ፊኑን በጥንቃቄ መሞረድ ነው። ብሎኖቹን በካቻቢቴ እስኪጨንቅ ማጥበቅ ሳጥኑን ይሰነጥቃል።

ዛሬ በኦሎምፒክ የሚታየው ሰሌዳ፣ ለምሳሌ በፓሪስ 2024 ውድድር ላይ የነበረው፣ ከውሃው በላይ የሚያነሣው ፎይል፣ ማለትም በዘንግ ጫፍ ላይ ያለ የውሃ ውስጥ ክንፍ፣ አለው፤ በትንሽ ነፋስ ስለሚነሣ ለሳሳ አየር የተፈጠረ ይመስላል። ነገር ግን ወደ 95 ሴንቲሜትር የሚወርድ ዘንግ ስላለው፣ አረምና መረብ ባለበት፣ ዳርቻውም ጥልቀት በሌለው በባሕር ዳር አካባቢ አሁን ባለው ሁኔታ አልመርጠውም። የፊን ሰሌዳም ቢሆን የሐይቁን ወቅት ማወቅ ይፈልጋል። ውሃው ከክረምቱ ማብቂያ በኋላ፣ በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ፣ ከፍ ይላል፤ በግንቦትና በሰኔ ዝቅ ይላል። በዝቅታው ወቅት በአንድ ዘንግ ላይ የፊኑን ርዝመትና ተጨማሪ 30 ሴንቲሜትር ምልክት አድርጎ ጥልቀቱን እየለኩ መግባት ጠርዝንም ፊንንም ያድናል። የቀኑ ነፋስ በደቡቡ ዳርቻ ከሐይቁ ወደ ምድር የሚነፍስ በመሆኑ፣ መነሻው ላይ ሰሌዳው ወደ ድንጋዩ ይገፋልና ሸራውን ውሃው ውስጥ ከገቡ በኋላ ማንሣት ይሻላል። የዓባይ መውጫ ጉማሬ የሚገኝበት ስለሆነ መነሻ ሊሆን አይገባም፤ በደንገሉ ሥር ቆሞ መቆየትም ለቢልሃርዝያ ያጋልጣል።

የቀረው ማጓጓዙ ነው፤ በከፍታ ቦታ ብዙ ሰሌዳ የሚበላሸውም በዚሁ ነው። በሰሌዳው የላይ ገጽ ላይ ያለችው ትንሽ የአየር ማስተንፈሻ ብሎን በባሕር ጠለል ተዘግታ ሰሌዳው ወደ ጣና ቢመጣ፣ የውስጡ አየር ከውጪው በአንድ አምስተኛ ከባቢ ግፊት ይበልጣል፤ ይህም በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ቆዳ ላይ ከውስጥ 2 ቶን የሚጠጋ ግፊት ማለት ነው። ቆዳው ከአረፋው የሚላቀቀው በዚህ ምክንያት ነው። ከጅቡቲ በመኪና ቢመጣም፣ በአውሮፕላን ቢጫንም፣ ከአዲስ አበባ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ባሕር ዳር ቢደርስም ብሎኗ መፈታት አለባት። ሰሌዳው ከደረሰ በኋላ በጥላ ሥር ለጥቂት ሰዓት ማሳረፍ፣ የብሎኗን ጎሚኒ መመርመርና ውሃ ውስጥ ከመግባት በፊት በእጅ ጠበቅ አድርጎ መዝጋት ያስፈልጋል። ፀሐይ ላይ የጋለ ሰሌዳ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በድንገት ሲገባ የውስጡ አየር ስለሚሰበሰብ፣ ያልታየ ስንጥቅ ካለ ውሃውን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ስለሆነም ጠርዝ በተጠገነ በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳውን ከመግባት በፊትና ከወጣ በኋላ በሚዛን ማስቀመጥ ጥገናው መያዝ አለመያዙን ለማወቅ ይረዳል።