ሎሚ ሲነካው የሚቀላ ጨርቅ አሠራር

ደብረ ብርሃን ላይ ኬሚስትሪ ሳስተምር አሲድና ቤዝን በቀለሙ የሚለየው የሊትመስ ወረቀት ሲያልቅብኝ የምጠቀመው በጨርቅ ነው። አንድ ቀይ ጥቅል ጎመን ለክፍሉ ሁሉ ይበቃል።

ጨርቁ ንጹሕ ጥጥ ይሁን፤ ቁራጭ አቡጀዲ ወይም ያረጀ ነጠላ። ፖሊስተር ቀለሙን አይዝም። አጥብቄ የምለምናችሁ ስለ እጥበቱ ነው። አዲስ ጨርቅ ስታርች ስላለው በሳሙና ቀቅሉት፤ ከዚያ ደጋግማችሁ አለቅልቁት። ሳሙና ቤዝ ነው፤ የአሲድ ተቃራኒ ማለት ነው። ትንሽ እንኳ ከቀረ ጨርቁ ገና ሳትፈትኑበት ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ይሆንባችኋል።

የጎመኑን ግማሽ አድቅቃችሁ ክተፉ። ውሃ እስኪሸፍነው ጨምሩና በለዘብተኛ እሳት 20 ደቂቃ ያህል ቀቅሉት። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃው 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ባቄላ ለሚቀቅል ሰው ይህ ፈተና ነው፤ ለእኛ ግን ደግ ነው፤ ቀለሙ፣ አንቶሲያኒን የሚባለው፣ ብዙ ሙቀት አይወድም። የአሉሚኒየም ድስት ቀለሙን ሊያዛባው ስለሚችል ኢናሜል ይሻላል። ቅጠሉ ሲነጣና ውሃው ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ ሲሆን አውርዱት።

ሲቀዘቅዝ አጥልሉት፤ ጨርቁን ነክራችሁ አሳድሩት። ጠዋት ጥላ ውስጥ አስጡት። ፀሐይ ያገረጣዋል።

አሁን አንዲት ጠብታ ሎሚ ጣሉበት። ጠብታዋ ያረፈችበት ቦታ ወዲያው ሮዝ ይሆናል፤ ቀለሙም በክሩ እየተሳበ ወደ ዳር ይሰፋል። የጠለለ የአመድ ውሃ ደግሞ ወደ አረንጓዴ ይወስደዋል። ተማሪዎቼ ከሁሉ የሚወዱት እርሾ ማንጠባጠብ ነው፤ ሮዝ ሲያደርገው እንጀራው ለምን እንደሚኮመጥጥ በዓይናቸው ያዩታል። አሲዱ የሞለኪውሉን ቅርጽ ሲለውጠው የሚውጠው ብርሃን ይለወጣል፤ ምስጢሩ ይኸው ነው።

ለቤዝ ብቻ ከሆነ እርድ ይበቃል። ሙቅ ውሃ ውስጥ በጥብጡትና ጨርቁን ንከሩት። በሎሚ ቢጫ ሆኖ ይቀራል፤ በሳሙና ቀይ ቡኒ ይሆናል። አልጫ የፈሰሰበት ነጠላ ሲታጠብ የሚቀላው በዚህ ነው።

የጎመኑ ቀለም ውሃ ሲበዛበት ስለሚለቅ ጨርቁን በቀጭን በቀጭኑ ቆርጣችሁ፣ ጨለማ ቦታ አስቀምጡና አንዱን አንዴ ብቻ ተጠቀሙበት።

የእርሻ አፈር በዚህ እንለካ የሚሉኝ ወላጆች አሉ። አይሆንም። ጨርቁ ሎሚን ከአመድ ይለያል እንጂ የማሳችሁን አሲድ ለማብረድ ስንት ኩንታል ኖራ እንደሚያስፈልግ አይነግራችሁም። ለዚያ አፈሩን ላቦራቶሪ ውሰዱት።