ከፕሮሎግ ሳይወጡ ፕሮግራም ማረም

ደሴ ተቀምጬ የወሎን መንገድ ለስዊ-ፕሮሎግ (ፕሮሎግ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለሚያስኬደው ሶፍትዌር) ላስተምረው ብዬ «ወሎ» የሚል ፋይል ጻፍሁ፦

መንገድ(ደሴ, ሐይቅ).
መንገድ(ሀይቅ, ውጫሌ).
መንገድ(ውጫሌ, ውርጌሳ).
ይደርሳል(_ሀ, _ለ) :- መንገድ(_ሀ, _ለ).
ይደርሳል(_ሀ, _ለ) :- መንገድ(_ሀ, _መ), ይደርሳል(_መ, _ለ).

«:-» ማለት «የሚሆነው ይህ ሲሆን ነው» ማለት ነው፤ በሁኔታዎች መካከል ያለችው ነጠላ ሰረዝም «እና» ናት። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ፕሮሎግ የአማርኛን ቃል እንደ ቋሚ ስም ይወስደዋል፤ ተለዋዋጭ እንዲሆን ከፊቱ የግርጌ ሰረዝ ይደረግበታል። መዝጊያውም አንዲት ነጥብ ናት፤ በአራት ነጥብ አይሆንም።

በመጀመሪያ ፋይሉን ይጫኑ፦ [ወሎ]. ብለው የአስገባ ቁልፉን ይምቱ። ከዚያ ይጠይቁ፦

ይደርሳል(ደሴ, ውርጌሳ).

መልሱ «ፎልስ» ነው፤ አይደርስም ማለት ነው። የዚያ መስመር ረዳት ቢሰማ ይስቅ ነበር።

ፕሮሎግን ዘግቶ ፋይል ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም። ሊስቲንግ(መንገድ). ብለው ያስገቡ፤ በዚህ ስም የጫነውን ሁሉ ይዘረዝራል። (ትእዛዞቹ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ ያስቀመጥሁት አነባበባቸውን ነው።) ጉዱ ያን ጊዜ ታየኝ፦ አንዱ ሐይቅ በሐመሩ ሐ፣ ሌላው በሃሌታው ሀ። ለእኛ አንድ ከተማ ነው፤ ለፕሮሎግ ግን መንገድ የማያገናኛቸው ሁለት ከተሞች ናቸው። አማርኛ ፊደል ይዞ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የከፋ ወጥመድ አላውቅም፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐም ያው ናቸው።

አሁን ኤዲት(መንገድ). ይበሉ። ፕሮሎግ የተጫነ ነገር ከየትኛው ፋይል፣ ከየትኛው መስመር እንደመጣ ስለሚያስታውስ ማረሚያውን (ፋይል የሚጻፍበትንና የሚስተካከልበትን ፕሮግራም) እዚያው ይከፍትልዎታል። በስሙ የሚጠሩ ብዙ ነገሮች ካሉ የትኛውን እንደፈለጉ ይጠይቃል። ፊደሏን ያስተካክሉና ያስቀምጡ። ማረሚያው ከፕሮሎግ ጋር አብሮ የመጣው ከሆነ ወደ ጥያቄ መስኮቱ ተመልሰው ሜክ. ይበሉ፤ የተለወጡትን ፋይሎች ብቻ መርጦ እንደገና ይጭናል። በሌላ ማረሚያ ሲሠሩ ግን ፕሮሎግ እስኪዘጉት ይጠብቅና ሜክን ራሱ ይጠራል። ሜክ ዝም ካለ ሳያስቀምጡ ተመልሰው ይሆናል፤ እኔ ደጋግሜ የምሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የላይ ቀስቱን ተጭነው ያንኑ ጥያቄ ይድገሙት፤ «ትሩ» ይላል።

አሰርት የሚባል አቋራጭም አለ፤ ዳይናሚክ (ፕሮግራሙ እየሠራ ሊለወጥ የሚችል) ተብሎ በታወጀ ነገር ላይ አዲስ መረጃ ይጨምራል። የሚጨምረው ግን በኮምፒውተሩ ማህደረ ትውስታ ላይ እንጂ በፋይሉ ላይ አይደለም። አንድ ምሽት ከውርጌሳ ወደ መርሳ ያለውን መንገድ በዚህ አስገብቼ ዘግቼ ተኛሁ። በማግስቱ ፕሮሎግ መርሳን ረስቷታል።