ድንኳኑን ለሠርጌ ስጡኝ፦ ሞት ያለበትን የፍቅር ኮሜዲ በደሴ እንዴት እንቀርጻለን?

ሊሞት ስለተቃረበ ሰው የሚሠራ የፍቅር ኮሜዲ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ከሁለት በአንዱ ነው፤ ወይ ሳቁ በሽተኛው ላይ ያርፋል፣ ወይ በሽታው መጨረሻ ላይ በተአምር ይጠፋል። ደሴ ላይ ሁለቱም አያስኬዱም። ለቅሶ ቤት ንፍሮ እየቆረጠመ የሟቹን ጨዋታ አንስቶ ሲስቅ፣ ወዲያው ደግሞ ሲያለቅስ የኖረ ሰው ነው ፊልሙን የሚያየው። ሳቁ እዚያው አለ፤ አይቶ መጻፍ ብቻ ነው የሚፈልገው።

እዚህ የምናሳየው የ15 ደቂቃ አጭር ፊልም ነው። ስድስት ሰባት ሰው፣ ሁለት ስልክ፣ አንድ የስልክ ማቆሚያ፣ አንድ የልብስ ማይክሮፎን እና አራት የቀረጻ ቀን ይበቁታል።

1. ታሪኩን በአንድ ዕቃ ላይ አቁሙ

ምርጡ ዕቃ የእድር ድንኳን ነው። ለሐዘንም ለሠርግም የሚተከለው ድንኳን መልኩ ያው ነውና። ለምሳሌ ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ወጣት ለዓመታት ወርሃዊ መዋጮ የከፈለበትን ድንኳን ከቀብሩ በፊት ለሠርጉ ሊጠይቅ ይመጣል። የእድሩን ንብረት የምትቆጣጠረው ልጅ መጋዘን ውስጥ ብርጭቆ እየቆጠረች ነው።

«ደንቡ ለሐዘን ነው የሚለው።»
«ሐዘኑን መቼ አስቀረሁባችሁ? ሠርጉ ይቅደም ነው ያልኩት።»
«ሙሽራይቱስ ማን ናት?»
«እሷን ገና እየፈለግኩ ነው።»

በዚህ መሃል ቆጠራው ይጠፋባትና ተናድዳ ከአንድ ትጀምራለች። ፍቅሩን በዚሁ ቆጠራ ማሳደግ ይቻላል። በሁለተኛው ትዕይንት እሱ አፉን ይዞ ይጠብቃታል። በሦስተኛው እሱ ምንም ሳይናገር ቁጥሩ ይጠፋባታል። «ወደድኩህ» የሚል ቃል ከዚያ በኋላ አያስፈልግም።

2. በሽታውን አጥኑት

እዚህ ላይ ጊዜ አትቆጥቡ። የኩላሊት እጥበት በአብዛኛው በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል። እጥበት በተደረገበት ዕለት ማታ በሽተኛውን እስክስታ ብታስጨፍሩት፣ የታመመ ዘመድ ያለው ተመልካች ፊልሙን አያምነውም፤ ሰውነቱ ዝሎ የሚውልበት ቀን ነው። ፍቅሩ የሚሠራው በተቀሩት አራት ቀናት ነው። ማሽኑንም ማሳየት አያስፈልግም፤ የሆስፒታል ፈቃድ ከመለመን ይልቅ በሽተኛው ከእጥበት ሲመለስ የሚቀመጥበትን የታክሲ ወንበር መቅረጽ ይቀላል።

ብዙ የእጥበት ታካሚዎች የሚጠጡት ፈሳሽ ይመጠናል፤ ለብዙዎቹ በቀን ከአንድ ሊትር አይበልጥም፣ ሾርባውም ሳይቀር ተቆጥሮ። አንድ ሲኒ ቡና 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ሦስቱንም ከጠጣ የቀኑን አንድ አምስተኛ ጨረሰ ማለት ነው። ቡና ላይ እሷ ሳትጠይቀው ሲኒውን በግማሽ ብትቀዳለት ተመልካቹ ስለ ልጅቷ ብዙ ያውቃል።

ክንዱን አትርሱ። ለእጥበቱ ሲባል ደም ቅዳና ደም መልስ በቀዶ ሕክምና ይገናኛሉ፤ እዚያ ላይ ጣት ያሳረፈ ሰው ከቆዳው ሥር ንዝረት ይሰማዋል፣ የተኛች ድመት ሆድ ላይ እጅ እንደማሳረፍ ነው። የፊልሙ ልብ ይህ ትዕይንት ሊሆን ይችላል። በዚያ ክንድ የደም ግፊት አይለካም፣ ሰዓት አይታሰርበትም፣ ከባድ ዕቃ አይያዝበትም። ተዋናዩ በዚያ እጁ የድንኳን ምሰሶ ቢሸከም ያየች ነርስ ሁሉ ትታዘባችኋለች። ስክሪፕቱን ለአንዲት ነርስ አስነብቡ።

3. ጻፉ

አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ገደማ ስለሚሆን ከ15 ገጽ አትለፉ፤ ከ10 እስከ 12 ትዕይንት በቂ ነው። በሽታው እስከ ሁለተኛው ደቂቃ ይታወቅ። ለመጨረሻ የተደበቀ በሽታ ተመልካቹን ያስከፋል።

ጀግናው ሙስሊም ከሆነ የሬሳ ሣጥን አይታይ፤ ቃሬዛ ነው። ክርስቲያን ከሆነ ስለ ሣልስትና አርባ ማውራት ይቻላል። በወሎ አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱም ስለሚገኙ ይህን ሳይወስኑ ዕቃ መከራየት ስህተት ነው። «አብሽር» የሚለውን ግን ሁሉም ይለዋል። ሰው ሁሉ ለበሽተኛው «አብሽር» ሲለው ቆይቶ፣ በመጨረሻ እሱ ራሱ ለእድሩ ዳኛ ቢለው ትልቅ ሳቅ ይወጣዋል።

4. ቦታና ብርሃን

የጦሳ ተራራ ከደሴ በስተምዕራብ ስለሆነ ፀሐይ ከሰዓት በኋላ ቶሎ ትጋረዳለች። የውጭ ትዕይንቶችን ጠዋት ጨርሱ። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡና ጉሙ አያሠሩም፤ ጥቅምትና ኅዳር ይሻላሉ።

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠመዝማዛ ቁልቁለት አለ። ደሴ ጋቢ የደረበው ጥንድ ኮምቦልቻ ሲደርስ ጃኬቱንም አውልቆ ይሆናል። በየትዕይንቱ መጨረሻ ልብሱን ፎቶ አንሡ፣ አለዚያ ጋቢው በቅንብር ጊዜ እየጠፋ ይመጣል።

እውነተኛ ለቅሶ አትቅረጹ። እድሩን አስፈቅዳችሁ ባዶ ድንኳን ተከሉ።

5. ካሜራ

ስልኩን በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሹተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ላይ አድርጉ። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ 30 ፍሬም ከ1/60 ጋር ሲሆን አምፖሉ ምስሉ ላይ ብልጭ ድርግም ሊል ይችላል። ፎከስ፣ ብርሃንና ቀለም ሦስቱንም ቆልፉ። ድንኳን ውስጥ ተጠንቀቁ፦ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ሸራ ጤነኛዋን ልጅ ከታማሚው የባሰች ያስመስላታል። አንዱን ጎን ጠቅልላችሁ ክፈቱ፣ ከፊቷ ትይዩ ነጭ አንሶላ ዘርጉ።

6. ድምፅ

ድምፁ በሁለተኛው ስልክ ይቀዳ። የልብስ ማይክሮፎኑ ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ ይበል። ከየቦታው 30 ሰከንድ ጸጥታ ቅዱ፣ በቅንብር ጊዜ የድምፅ ክፍተት መሙያ ይሆናል፤ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ከጀመረ አቁሙ፣ በኋላ የሚያጠራው የለም።

7. ቅንብርና ሙከራ

የሚያስቅ ንግግር ላይ አትቁረጡ። ሁለቱም በአንድ ምስል ይታዩ፣ ከንግግሩ በኋላ አንድ ሰከንድ ተዉ። ሐዘን ባለበት ሁሉ ትዝታ መልቀቅ ተመልካቹን አልቅስ ብሎ ማዘዝ ነው፤ ብርጭቆ ቆጠራው ላይ በባቲ ቅኝት ቀጭን ክራር፣ ክንዱ ላይ ደግሞ ምንም ሙዚቃ አይኑር።

ሳይወጣ በፊት ለአምስት ሰው አሳዩት፤ አንዱ የእድር ዳኛ ቢሆን ጥሩ ነው። የሳቁበትን ደቂቃ መዝግቡ። በሽተኛው ሲያቅለሸልሸው ከሳቁ ያንን አውጡ። ክንዱ ላይ ጣቷን ስታሳርፍ ወንበር የሚያንቀሳቅስ ወይም ጉሮሮውን የሚጠርግ ካለ ትዕይንቱ ረዝሟል፤ ከመጨረሻው ሁለት ሰከንድ ቀንሱና እንደገና አሳዩአቸው።